ወረቀት ፍለጋ ወደ ጣርማ በር

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ጉም ይቀበለዋል። ጣርማ በር ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስረው ያበጁትን ዋሻ ጨርሶ በወዲያኛው አፍ ሲወጣ ሌላ አገር ይገጥመዋል። የደብረ ሲና በሶና ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ከበው ይሸኙታል፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁል ነው። ገብሱ ለማሽላ፣ ካፖርቱ ለሽርጥ ቦታውን እየለቀቀ ይወርድና ሸዋ ሮቢት ሲደርስ “ለመሆኑ ብርድ የሚባል ነገር ነበር ወይ?” ያሰኛል። የይፋት ቆላ እንግዲህ ይህ ነው፤ የሽንኩርትና የማንጎ፣ የሙቀትና የወባ አገር።

በዚህ መንገድ ያልተመላለሰ የለም። ሲራራ ነጋዴው፣ ጦሩ፣ የወሎ ካሚዮን ነጂው ሁሉም የየራሱ ታሪክ አለው። እኔ ዛሬ ላነሣው የምፈልገው ግን ብዙም ያልተጻፈለትን አንድ መንገደኛ ነው። ሰኔ ሲያልቅ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ዳገቱን ይወጣል፤ መስከረም ሲጠባ ፎቶ ኮፒ የሞላው ካርቶን ተሸክሞ ይወርዳል። መምህር ነው። ፍለጋው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማስተማር የሚያበቃውን ወረቀት ነው፤ ያ ወረቀት ደግሞ ምን ጊዜም ከዋሻው ወዲያ እንጂ ከዋሻው ወዲህ ተገኝቶ አያውቅም።

“ወረቀት” ማለቴ ለማላገጥ አይደለም። እኔ ራሴ ከጋዜጠኝነት ዲፕሎማ በቀር የምዘረጋው የለኝምና በሰው ወረቀት የመሳቅ መብት የለኝም። ነገር ግን ያ ወረቀት ምን እንደነበረ፣ ማን እንደሰጠው፣ ስንት ጊዜስ መልኩን እንደለወጠ ሳላውቅ ነው ያስተማሩኝን ሰዎች ለዓመታት “ቲቸር” እያልሁ የኖርሁት።

ወረቀት ከመምጣቱ በፊት ምስክር ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ድጓ የተማረ ሰው መምህር ለመባል ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ወደ ዙር አምባ፣ ቅዳሴ የተማረ ወደ ሰለልኩላ ወይም ወደ ደብረ ዓባይ ወርዶ ማስመስከር ነበረበት። ቃሉም ራሱ ግልጽ ነው። አንድ ታላቅ መምህር “ይህ ሰው ይችላል” ብሎ ይመሰክርለታል። በይፋትና በወሎ እስላም ዘንድም ነገሩ የተለየ አልነበረም። ደረሳው ከሸህ ወደ ሸህ፣ ከሾንኬ ወደ ዳና እየተንከራተተ ኪታቡን ሲያኸትም ሸሁ ኢጃዛ ይሰጠዋል፤ በኢጃዛው ውስጥም ዕውቀቱን ከማን፣ ያም ከማን እንደተቀበለው ይቆጠራል። በሁለቱም ቤት የሚመሰክረው ሰው የሚመሰክርለትን ያውቀዋል። አብሮት ቆሎ ቆርጥሟል፣ ሲሳሳት ሰምቷል፣ ሲታረምም አይቷል። ስለዚህ ለትምህርት መንከራተት ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ የሆነው የማያውቅህ ሰው ስለ አንተ የሚጽፈው ምስክርነት ነው።

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከተለ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ፣ በ1938 ዓ.ም. ደግሞ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሲቋቋሙ የሚያስተምሩባቸው በአብዛኛው እንግሊዞችና ሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ተፈሪ መኮንን ለካናዳ ኢየሱሳውያን ተሰጠ፤ በየክፍለ ሀገሩም ሕንዳውያን መምህራን ተሠማሩ። እንዲያው ለነገሩ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ለመሆን አቋራጩ መንገድ ኢትዮጵያዊ አለመሆን ነበር ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

የመምህራን ሥልጠና የጀመረው በ1937 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ነው፤ በኋላም በ1945 ዓ.ም. ወደ ሐረር ተዛወረ። ደብረ ብርሃንም ለገጠር የማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች መምህራን የሚሠለጥኑባት ከተማ ሆነች፤ የመምህራን ማሠልጠኛዋ ለይፋት ሰው ከሁሉ የቀረበ በር እሱ ነበርና ከቆላው የወጡ ብዙ ወጣቶች በዚያ አልፈዋል። ይሁንና እነዚህ ሁሉ ፊደልና ስሌት የሚያስቆጥር የአንደኛ ደረጃ መምህር ማፍሪያ ነበሩ። የሁለተኛ ደረጃው መንገድ በ1943 ዓ.ም. በተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና በ1954 ዓ.ም. በተመሠረተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ በኩል ነበር የሚያልፈው። በዚያ በኩል የሚያልፈው ደግሞ ጥቂት ነው። ጥቂቱም ቢሆን ተመርቆ ሲወጣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ይጠብቀዋልና ወደ ቆላ የሚወርድበት ምክንያት አልነበረውም።

ክፍተቱን ማን ሞላው? በመስከረም 1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች አገር ውስጥ ገቡ። ከ270 በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹም የተመደቡት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነው። በአንድ መስከረም የሁለተኛ ደረጃ ባለዲግሪ መምህር ቁጥር እጅግ ከፍ አለ። መልካም ትዝታ ጥለው የሄዱ ብዙ ናቸው፣ አልክድም። ነገር ግን ነገሩን ገልብጦ ማየትም ይገባል። ከኮሌጅ የወጣ የሃያ ሁለት ዓመት አሜሪካዊ በጥቂት ወራት ዝግጅት ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ ሲያስተምር፣ አሥር ዓመት ጠመኔ የያዘው የአገሬው ሰው በዚያው ክፍል ደጃፍ እንዲያልፍ አልተፈቀደለትም። ወረቀቱ የማስተማር ችሎታን ሳይሆን የዲግሪን መኖር ነበር የሚመሰክረው። ይህ ግራ መጋባት በኋላም ብዙ ጊዜ ሲመለስ እናየዋለን።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሌላ ዘዴ አመጣ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ተደነገገ፤ ብዙዎቹም መምህር ሆነው ተላኩ። እነዚህ ተማሪዎች ከእንግሊዝኛና ከሒሳብ ጋር የመሬት ላራሹን ጥያቄ ይዘው መውረዳቸውን ታሪክ መዝግቦታል። ለእኛ ጉዳይ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። አገልግሎቱ አንድ ዓመት ብቻ ነው። የቆላው ተማሪ መምህሩን ሲለምደው መምህሩ ሻንጣውን ያሥራል።

ከዚያ የትምህርት ዘርፍ ጥናት መጣ። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው ይህ ጥናት ለብዙኃኑ አጭርና ርካሽ ትምህርት፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ ለጥቂቶች ያሰበ ነው ተብሎ ተፈራ። መምህራኑ በበኩላቸው የደመወዝ ጥያቄ ነበራቸው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን ታክሲዎችም ቆሙ፤ የቀረውን አንባቢ ያውቀዋል። አብዮቱን ስናወሳ ወታደሩንና ተማሪውን እናስቀድማለን እንጂ፣ የመምህሩ ወረቀትና የመምህሩ ደመወዝ በዚያ የካቲት ውስጥ እንደነበሩ ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን።

በደርግ ዘመን ትምህርት ቤት በየአውራጃው ተከፈተ፤ ሰላም ጓዶቹም ሄዱ። መምህር ከየት ይምጣ? ኮተቤ ባለዲፕሎማ ማውጣት ጀመረ። በ1965 ዓ.ም. በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፔዳጎጂ አካዳሚም በራሱ በኩል መምህራን ያሠለጥን ነበር። መሰላሉ ያን ጊዜ ነው ቅርጹን የያዘው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ አንድ ዓመት ቲ ቲ አይ የተማረ ባለሰርተፊኬት፣ ሁለት ዓመት የተማረ ባለዲፕሎማ፣ አራት ዓመት የተማረ ባለዲግሪ። ዲፕሎማው 347 ብር፣ ዲግሪው 500 ብር። የዚያን ዘመን ሰው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እንደ ስልክ ቁጥር ያስታውሳቸዋል። በሕጉ ሁለተኛ ደረጃ የባለዲግሪው ነበር፤ በቆላ ግን ባለዲፕሎማው ነበር የሚያስተምረው። ከባለዲፕሎማው የሚፈለገውም በክረምት እየተማረ ራሱን “እንዲያሻሽል” ነው። ማሻሻል የምትለው ቃል ራሷ አንድ ጽሑፍ ይወጣታል።

ይህን መሰላል ከታች እስከ ላይ የወጡ አንድ ጡረተኛ መምህር ሸዋ ሮቢት ቤታቸው በረንዳ ላይ ሁለት ከሰዓት በኋላ አወሩኝ። ስሜን አትጥቀስ ብለውኛልና አልጠቅስም። በ1971 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አሥራ ሁለተኛን ጨረሱ፤ የማትሪክ ውጤታቸው ለዩኒቨርሲቲ ጥቂት ጎደለ። አንድ ዓመት ቲ ቲ አይ ተማሩና ከአስፋልቱ የአምስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ በሚገኝ መንደር አንደኛ ክፍል ያዙ። በክረምት እየተማሩ ዲፕሎማ ያዙና በ1984 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ተዛውረው ጂኦግራፊ ማስተማር ጀመሩ። ከዚያ የዲግሪው ክረምት ቀጠለ፤ ስድስት ኪሎ።

“ስንት ክረምት ፈጀ ጋሼ?” አልኋቸው።

“መጽሐፉ አምስት ይላል፤ እኔ ሰባት ነው የፈጀብኝ” አሉ። “አንዱን ባለቤቴ ስትወልድ ተውሁት። አንዱን ደግሞ ስሜ ከዝርዝሩ ቀርቶ ነው። ሻንጣዬን ይዤ አዲስ አበባ ደርሼ ‘የለህም’ አሉኝ። ምን ታደርጋለህ ልጄ? አንድ ኪሎ ቆሎ ገዝቼ ተመለስሁ።”

በጋውን ሙሉ ሠላሳ ክፍለ ጊዜ ሲያስተምር የኖረ ሰው ክረምቱን እረፍት የለውም። የእርሻ ሥራ ያለው ማሽላው ይጠብቀዋል፤ እሱ ግን በዶርም ተደራራቢ አልጋ ላይ ከልጁ ጋር እኩያ ከሆነ ተማሪ ጋር ይተኛል። የቆላ ሰው በመሆናቸው የአዲስ አበባ ሐምሌ ያስነጥሳቸው እንደነበር እየሳቁ ነገሩኝ። የሚስት ወርቅ ተሽጦ የተገዛ መጽሐፍ፣ በብድር የተከፈለ የአውቶቡስ ገንዘብ፣ ሁሉም በዝርዝር ትዝ ይላቸዋል። በ1995 ዓ.ም. በአርባ ሦስት ዓመታቸው ተመረቁ።

እኔም እዚህ ላይ፣ “ታዲያ ለወረቀት ብቻ ይህ ሁሉ?” የሚል ጥያቄ ማንሣቴ አልቀረም። የመለሱልኝ ግን ያላሰብሁትን ነው። ከዲግሪው በፊት ስለ ስምጥ ሸለቆ ሲያስተምሩ መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል በሰሌዳ ላይ ይገለብጡ ነበር። ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ዝዋይ ይላሉ። ስድስት ኪሎ በሁለተኛው ክረምት አንድ መምህር የኢትዮጵያን የድንጋይ ዓይነቶች ሲዘረዝሩ “የጣርማ በር ባዛልት” የሚል ስም ሰሙ። የጂኦሎጂ ሊቃውንት ለአንድ ትልቅ የእሳተ ገሞራ ድርብርብ የእሳቸውን ተራራ ስም ሰጥተውታል! ሲመላለሱበት የኖሩት ዳገት የስምጥ ሸለቆው ግድግዳ መሆኑን፣ ሸዋ ሮቢት ያለችው ከግድግዳው ሥር መሆኑን ያወቁት ያን ዕለት ነው። መስከረም ላይ ሲመለሱ ተማሪዎቹን ከክፍል አውጥተው ጣታቸውን ወደ ምዕራብ ቀሰሩ። “ስምጥ ሸለቆ ማለት ያ ነው” አሏቸው። “ከዚያ ወዲህ” አሉኝ፣ “ያንን ትምህርት ማንም ወድቆበት አያውቅም።”

ዲግሪ ፍሬ የለውም የሚለውን ፈሊጥ አልቀበለውም የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ዕውቀቱ ዳገቱን ወጥቶ ይመጣል፤ ግን የሚመጣው ሰውዬው ተመልሶ ሲወርድ ነው። ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሰላሉን በሕግ አጠናከረው። ለአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ እርከን ሰርተፊኬት፣ ለሁለተኛው እርከን ዲፕሎማ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ዲግሪ። በወረቀት ላይ ትክክል ነው። በተግባር ግን አንድ ቀን ጠዋት ብዙ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን “ከደረጃ በታች” ሆነው ተነሡ። ክረምቱ ተጨናነቀ። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ዓለማያ፣ ዲላ በየዓመቱ በሽማግሌ ተማሪዎች ተሞሉ። ወረቀቱን ካገኙት ብዙዎቹ ደግሞ ዲግሪውን እንደያዙ ወደ ከተማ ዝውውር ጠየቁ፤ ወደ ቢሮ፣ ወደ ግብረ ሰናይ ድርጅትም የሄዱ አሉ። እንዴት ይፈረድባቸዋል? ደረጃቸውን ያሻሻሉት እኮ ተሻሽለው ለመኖር ነው። ቆላው ግን ሁልጊዜ “በመሻሻል ላይ ባለ” መምህር ነው የተማረው፤ ሲሻሻል ይሄድበታል።

የእኔ ትውልድ የደረሰው የዚህ መሰላል ሌላ እርከን ላይ ነው። በአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ጥሩ ያመጣ መሰናዶ ይገባል፤ የቀረው ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም “አሥር ሲደመር ሦስት” እየተባለ ወደ መምህራን ኮሌጅ ይሄዳል። ያመለጠው የሚገባበት በር ሆነ ማለት ነው፣ የመምህርነት በር። ከጓደኞቼ ውስጥ መምህር መሆን እየፈለገ ኮሌጁን የመረጠ አንድም አላስታውስም፤ ውጤቱ ነው የመረጠላቸው። በዚሁ ሰሞን፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ፕላዝማ ተሰቀለ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ “አሁን ለሁለት ደቂቃ ተወያዩ” ይለንና ደቂቃው ሳይሞላ ይቀጥላል። የእኛ መምህር በር ላይ ቆሞ ያያል። አገር ለአገር ተንከራቶ ወረቀት ያመጣ ሰው ማብሪያ ማጥፊያ ጠባቂ ሲሆን ማየት ያኔ ያስቀን ነበር፤ አሁን አያስቀኝም። መብራት ሲጠፋ፣ በእኛ በኩል ደግሞ ይጠፋል፣ ጠመኔውን ያነሣና የሚገባንን ትምህርት ያን ጊዜ እናገኛለን።

የመምህራን ትምህርት ለውጡ አላቆመም። በ1995 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ማሻሻያ፣ ቴሶ የሚባለው፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን ዲግሪ ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አወረደና ፕራክቲከም አበዛ። ዕጩው ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ይውላል፤ ኬሚስትሪው ግን ቀነሰ የሚል ወቀሳ በረከተ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። መጀመሪያ በትምህርቱ ዓይነት ንጹሕ ዲግሪ፣ ከዚያ የአንድ ዓመት የማስተማር ዲፕሎማ፤ በአጭሩ ፒ ጂ ዲ ቲ። እንግሊዞችም ከዲግሪ በኋላ የአንድ ዓመት የማስተማር ሥልጠና አላቸው። ልዩነቱ እዚያ የሚገባው ሰው አመልክቶ መግባቱ ነው። እኛ ዘንድ ባዮሎጂ ወይም ፊዚክስ ተምሮ ሥራ ያጣ ብዙ ወጣት “ለጊዜው” ብሎ ገባበት። ሸዋ ሮቢት የመጣ አንድ እንዲህ ያለ የኬሚስትሪ መምህር አውቃለሁ፤ ጎበዝ ነበር፣ ተማሪዎቹም ወደውት ነበር። በዓመቱ ፋብሪካ ሥራ አገኘና ዳገቱን ወጣ።

በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የመምህራን የሙያ ፈቃድ ፈተናም ተጀመረ። ጀማሪ፣ መለስተኛ፣ ከፍተኛ፣ መሪ መምህር በሚለው የሙያ እርከን ላይ ወረቀቱን የሚፈትን ሌላ ወረቀት ተጨመረ ማለት ነው። እኒያ ጡረተኛ መምህር ከሃምሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ እርሳስ ቀርጸው ተቀመጡ። የሚፈትናቸው ወጣት የቀድሞ ተማሪያቸው ነበር። አልፈዋል።

የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሃምሳ በመቶና በላይ ያመጣው ከተፈተነው 3.3 በመቶው ብቻ መሆኑ ሲገለጽ ሁሉም ሰው ወደ መምህሩ ዞረ። እኔ ግን የቆጠርሁት ሌላ ነው። ያን ዓመት የተፈተነ ልጅ ያስተማሩት መምህራን በትንሹ በአራት የተለያዩ ሥርዓቶች የተሠሩ ናቸው። የክረምት ባለዲግሪ አለ፣ የቴሶ ምሩቅ አለ፣ የፒ ጂ ዲ ቲ ምሩቅ አለ፣ ማስተማርን ጨርሶ ሳይማር በዲግሪው ብቻ የገባም አለ። አንዱ ሥርዓት ፍሬው ሳይታይ ሌላው ተተክሏል። በቅርቡ ደግሞ የትምህርት ዓይነቱንና ማስተማርን አንድ ላይ የሚሰጠው የአራት ዓመት ዲግሪ ተመልሷል፤ ኮተቤም የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ለዚሁ ተመድቧል። ያው የ1950ዎቹ የትምህርት ፋኩልቲ አይደለም እንዴ?

ለይፋት ሰው በአንድ በኩል በሩ ቀርቦለታል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከሸዋ ሮቢት ዘጠና አምስት ኪሎ ሜትር ነው። ስድስት ኪሎ ድረስ መሄድ የለም። ግን በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አዳረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2016 ክረምት የሁለተኛ ደረጃ መምህራን በየዩኒቨርሲቲው ለሥልጠና ሲጠሩ ከቆላው በኩል አንድ የማውቀው መምህር ደወለልኝ። አዲስ አበባ ስላለሁ ወሬ ይኖረኛል ብሎ ነው። ስለ ሥልጠናው ይዘት፣ ስለ አበሉ፣ ስለ ወረቀቱም አልጠየቀኝም።

“ጣርማ በር ላይ መንገዱ ክፍት ነው ይባላል?” አለኝ።